ሙቀት መልሶ መጠቀም ምንድን ነው? ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የካርቦን ልቀቱን የቀነሰበት መንገድ

የፍሪጅ ጀርባ ለምን ይሞቃል? ኮምፕረሰሩ ስለሚሠራ ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው ሙቀት ከፍሪጁ ውስጥ የወጣ ነው። የትኛውም ማቀዝቀዣ ሙቀትን ከአንዱ ቦታ አንሥቶ ሌላ ቦታ ይጥላል። ሙቀት መልሶ መጠቀም ማለት ይህን ሊጣል የነበረ ሙቀት ይዞ፣ ከፍ አድርጎ፣ ሙቀት ለሚፈልግ ቦታ መስጠት ነው።

አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ግቢ ውስጥ ማሞቅንም ማቀዝቀዝንም በአንድ ጊዜ ይሠራል። የኮምፒውተር ሰርቨሮች፣ ላቦራቶሪዎችና የሆስፒታል ክፍሎች በብርድ ወራትም መቀዝቀዝ አለባቸው። በዚያው ሰዓት የተማሪዎች መኖሪያ ሙቅ ውሃ ይፈልጋል፣ ቢሮዎችም ይሞቃሉ። በተለመደው አሠራር ቺለሩ (ውሃ አቀዝቅዞ ወደ ሕንፃዎቹ የሚልከው ትልቅ ማሽን) ከሕንፃዎቹ ያወጣውን ሙቀት በማቀዝቀዣ ማማ በኩል፣ ውሃ እያተነነ፣ ወደ ሰማይ ይለቀዋል። እዚያው ግቢ ውስጥ ደግሞ ቦይለር ጋዝ እያቃጠለ አዲስ ሙቀት ያመርታል። ያለውን ሙቀት እየጣሉ ሌላ ሙቀት በገንዘብ መግዛት ማለት ነው። የዩኒቨርሲቲ የካርቦን ልቀት ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው አምፖልና ሶላር ነው፤ ብርድ ባለበት አገር ግን ከባዱ ሸክም ማሞቂያው ነው።

ካሊፎርኒያ የሚገኘው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከ1987 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኤሌክትሪክንም እንፋሎትንም በጋዝ የሚያመርት አንድ ጣቢያ ነበረው። በዘመኑ የተመሰገነ ቴክኖሎጂ ነበር። ሆኖም ከግቢው ልቀት 90 በመቶ ገደማው ከዚያ ጣቢያ ይወጣ ነበር። መሐንዲሶቹ መፍትሔ ከመምረጣቸው በፊት የሠሩት ሥራ ለሌላውም ትምህርት ይሆናል፦ ወደ ሕንፃዎቹ የሚገባውን ሙቀትና ከሕንፃዎቹ የሚወጣውን ሙቀት በየሰዓቱ እያነጻጸሩ አሰሉ። የዓመቱን ወይም የወሩን ድምር ማየት አይበቃም። በሐምሌ፣ በካሊፎርኒያ የሙቀት ወር፣ የወጣ ሙቀት ለብርዱ ጥር አይደርስም፤ ስለዚህ በዓመቱ 8,760 ሰዓታት በእያንዳንዷ ላይ ከሁለቱ ቁጥሮች አነስተኛውን ወስዶ መደመር ያስፈልጋል። መልሶ መጠቀም የሚቻለው ያን ያህል ነው። በስታንፎርድ ስሌቱ ከተጠበቀው በላይ ትልቅ ሆኖ ተገኘ።

አሮጌው ጣቢያ በ2015 ተዘጋ። የአዲሱ ሥርዓት ወጪ 485 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ 35 ኪሎ ሜትር የሚሆን የሙቅ ውሃ ቧንቧ ተቀበረ፤ 155 ሕንፃዎችም ከእንፋሎት ወደ ሙቅ ውሃ ተለወጡ። ዛሬ ከግቢው የማሞቂያ ፍላጎት ከ80 በመቶ በላይ የሚሸፈነው ቀድሞ ይጣል በነበረው ሙቀት ነው። ቀሪውን ለከባድ ብርድ ቀናት የተቀመጡ በጋዝ የሚሠሩ ማሞቂያዎች ይሞሉታል።

ዋናው መሣሪያ ሙቀት የሚመልስ ቺለር ይባላል። በአንድ በኩል ከሕንፃዎቹ በ14 ዲግሪ ገደማ የተመለሰ ውሃ ይገባና በ5 ዲግሪ ይወጣል። የተወሰደውን ሙቀት የማቀዝቀዣው ጋዝ ተሸክሞ ኮምፕረሰሩ ውስጥ ይጨመቃል፤ ሲጨመቅ የሙቀት መጠኑ ይጨምራል፤ በሌላኛው በኩል ለማሞቂያው ውሃ ያስረክበዋል። ውሃው ወደ 75 ዲግሪ ደርሶ ወደ ሕንፃዎቹ ይሄዳል። ተራ ቺለር ሙቀቱን ለማማው የሚሰጠው በ35 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ለማሞቂያ አይበቃም። የሁለቱ ልዩነት እዚህ ላይ ነው፤ ሙቀት መላሹ ኮምፕረሰሩን የበለጠ ያደክመዋል፣ በምትኩ ሁለት ሥራ ይሠራል።

ሒሳቡን እንየው። መሣሪያው 1 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ሲበላ ከሕንፃዎቹ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት የሚሆን ሙቀት ያወጣል፤ ሁለቱ ተደምረው 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሆናሉ። ያንን 3.5 በ85 በመቶ ብቃት በሚሠራ የጋዝ ቦይለር ለማግኘት 4.1 ኪሎዋት ሰዓት ጋዝ ይቃጠላል፤ ይህም 0.74 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የማቀዝቀዙን ሥራ ደግሞ ተራ ቺለር በግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይሠራዋል። እንግዲህ ኤሌክትሪኩ ሁሉ ከድንጋይ ከሰል ቢመጣ፣ በኪሎዋት ሰዓት 1 ኪሎ ግራም ቢለቅ እንኳ፣ አሮጌው መንገድ 1.24 ኪሎ ግራም ሲለቅ አዲሱ 1 ኪሎ ግራም ይለቃል። «መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ምንጫችን ይጥራ፣ ከዚያ እንጀምራለን» የሚል ክርክር በዚህ ጉዳይ ላይ አያስኬድም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን እንፋሎቱ ከተተወ ብቻ ነው። እንፋሎት ብዙ ጊዜ ከ150 ዲግሪ በላይ ሆኖ ነው የሚሰራጨው፤ እንዲህ ያለ ሙቀት ከቺለር አይገኝም። በተጨማሪም ረጅም የእንፋሎት መስመር በመንገድ ላይ ብዙ ሙቀት ያባክናል፣ የእንፋሎት ወጥመዶቹም (ወደ ውሃ የተለወጠውን እንፋሎት ከመስመሩ የሚያስወጡት ቫልቮች) በየጊዜው ይበላሻሉ። ስለዚህ ከገንዘቡም ከልፋቱም ትልቅ ድርሻ ለቧንቧና ለሕንፃ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ሕንፃ የእንፋሎት መቀበያው ተነሥቶ የሙቅ ውሃ ሙቀት ማስተላለፊያ ይገባል። ከዚያ በፊት መደረግ ያለበት ቀላል ሙከራ አለ፦ በብርድ ሳምንት ወደ ክፍሎቹ የሚሄደውን ውሃ በየቀኑ ጥቂት ዲግሪ እየቀነሱ የትኛው ክፍል መጀመሪያ እንደሚበርደው መመዝገብ። ብዙዎቹ ክፍሎች ምንም አይሰማቸውም፤ ቅሬታ ያቀረቡት ብቻ ትልቅ ራዲያተር ይገባላቸዋል። ሁሉንም መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

ሙቀት የሚወጣበትና የሚፈለግበት ሰዓት ሙሉ በሙሉ ስለማይገጥም ታንከር ያስፈልጋል። ስታንፎርድ እያንዳንዳቸው 19 ሚሊዮን ሊትር ገደማ የሚይዙ ሁለት የቀዝቃዛ ውሃ ታንከሮችና 8.7 ሚሊዮን ሊትር የሚይዝ አንድ የሙቅ ውሃ ታንከር አሉት። ከቀትር በኋላ የተሰበሰበው ሙቀት ለጠዋት ሻወር ይቀመጣል። የአየር ትንበያንና የኤሌክትሪክ ዋጋን እያየ ማሽኖቹ መቼ እንደሚሠሩ የሚወስን ሶፍትዌርም አለ። ወደ ማማው የሚሄደው ሙቀት ስለቀነሰ የግቢው የውሃ ፍጆታም 15 በመቶ ያህል ወርዷል፤ ድርቅ ለሚመላለስበት ካሊፎርኒያ ይህ ቀላል ትርፍ አይደለም።

የሚበላሸው ምንድን ነው? ከሁሉ የሚዘወተረው የመመለሻ ውሃው ሙቀት መዛባት ነው። በ5 ዲግሪ የወጣ ውሃ በ14 ዲግሪ መመለስ ሲገባው፣ የሚያሳልፍ ቫልቭ ካለ ሕንፃው ሳይጠቀምበት በ8 ዲግሪ ይመለሳል። ያው ውሃ የሚሸከመው ሙቀት ወደ ሲሶ ይወርዳል፤ ፓምፑ በከንቱ ይዞራል፣ ቺለሩም የሚያነሣው ሙቀት ያጣል። ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ሦስት አፍ ያለው አሮጌ ቫልቭ ነው፤ በሁለት አፍ ይተካል። በሙቁ በኩል ተቃራኒው ይደርሳል፦ በ50 ዲግሪ መመለስ ያለበት በ65 ከተመለሰ ኮምፕረሰሩ ጫናው ይበዛበታል፣ አንዳንዴም ራሱን ያጠፋል። ሦስተኛው የማቀዝቀዣ ጋዝ መፍሰስ ነው። አር-134ኤ የተባለው ጋዝ በኪሎ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,430 እጥፍ ያሞቃል፤ 10 ኪሎ ቢያፈስ 14 ቶን እንደ መልቀቅ ነው። ፍተሻው ችላ የሚባል አይደለም።

ሙቀቱን መቀነስም ገደብ አለው። የሻወርና የእጅ መታጠቢያ ውሃ ለብ ብሎ ሲቀመጥ ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ ይራባል፤ ስለዚህ የሚከማቸው ውሃ ከ60 ዲግሪ መውረድ የለበትም። የላቦራቶሪና የሆስፒታል መሣሪያ ማምከኛዎች ደግሞ እንፋሎት ግድ ይላቸዋል። ለእነሱ ትንሽ የእንፋሎት ማሽን እዚያው አጠገባቸው ይተከላል እንጂ ለጥቂት ማምከኛ ሲባል መላው የግቢ መስመር በእንፋሎት አይያዝም።

ቀሪው ጥያቄ ኤሌክትሪኩ ነው። ስታንፎርድ በዚያው በካሊፎርኒያ በ2016 ሮዛመንድ አካባቢ የ67 ሜጋዋት፣ በ2022 ደግሞ ሌሙር አካባቢ የ88 ሜጋዋት የሶላር ጣቢያ ኃይል አገኘ። የመጀመሪያው ሶላር ከአዲሱ ሥርዓት ጋር ተደምሮ ልቀቱን ከከፍተኛው ደረጃ በ68 በመቶ ቀነሰ። ግን ሁሉን ነገር በኤሌክትሪክ ማድረግ የራሱ አደጋ አለው። ሰኔ 2022 በአካባቢው የተነሣ የሰደድ እሳት የኤሌክትሪክ መስመሩን ጎድቶ ግቢው ለቀናት መብራት አጥቶ ነበር። ከግቢ ውጭ በሚመጣ ኃይል የሚተማመን ሥርዓት ሁለተኛ መግቢያ መስመር ከመጀመሪያው ሊታሰብለት ይገባል።

ብርዱ በሚበረታበት ቦታ የሕንፃዎቹ ሙቀት ብቻውን አይበቃም። በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት የሚገኘው ቦል ስቴት ዩኒቨርሲቲ መሬቱን እንደ ሙቀት ማከማቻ ይጠቀማል፦ 3,600 ገደማ ጉድጓዶች ቆፍሮ ቧንቧ ቀበረ፣ በ2014ም የድንጋይ ከሰል ማቃጠል አቆመ። በጋ የሚወጣውን ሙቀት መሬት ውስጥ አስቀምጦ በብርዱ ያወጣዋል።

አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ ላለ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ማሞቅ ችግሩ ስላልሆነ ይህን የሚያህል ሥርዓት አያስፈልገውም። ሐሳቡ ግን በትንሹ ይሠራል፦ የወጥ ቤት ወይም የሆስፒታል ቀዝቃዛ ክፍል ካለ፣ በኮምፕረሰሩና በኮንደንሰሩ (ጋዙ ሙቀቱን ወደ ውጭ በሚለቅበት ክፍል) መካከል ትንሽ ሙቀት ማስተላለፊያ ገብቶ ለእጥበት የሚሆን ውሃ ወደ 50 ዲግሪ ማድረስ ይቻላል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከውሃ ኃይል ስለሚመጣ፣ ውሃው አሁን በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ከሆነ ትርፉ የመብራት ሒሳብ ቅናሽ ነው፤ በእንጨት ወይም በናፍጣ የሚሞቅ ከሆነ ግን ልቀቱ በእርግጥ ይቀንሳል። ኮምፕረሰሩ በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚሠራበት ቦታ ላይ የማስገቢያ ወጪው ስለማይመለስ፣ መጀመሪያ የሥራ ሰዓቱን ለሁለት ሳምንት መመዝገብ ያስፈልጋል።