የኢንጂነሪንግ ምሩቃን የክህሎት ምዘና በአውስትራሊያ

በሙያው ወደ አውስትራሊያ መሄድ የሚፈልግ የኢንጂነሪንግ ምሩቅ ለአብዛኞቹ የክህሎት ቪዛዎች ከማመልከቱ በፊት ሙያውን ማስመዘን አለበት። ብዙዎቹን የኢንጂነሪንግ ሙያዎች የሚመዝነው ኢንጂነርስ አውስትራሊያ ነው። ማኅበሩ በ1919 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ፤ በ1938 ንጉሣዊ ቻርተር አገኘ። ሶፍትዌር ኢንጂነር ግን የሚመዘነው በአውስትራሊያ ኮምፒውተር ማኅበር ነው። ይህን ሳያጣሩ ክፍያ መፈጸም ኪሳራ ነው።

አመልካች በትምህርቱ ልክ ይመደባል። የአራት ዓመት ዲግሪ ያለው ፕሮፌሽናል ኢንጂነር፣ የሦስት ዓመት ቴክኖሎጂስት፣ የሁለት ዓመት ደግሞ አሶሼት ይባላል። ለኢንጂነሪንግ ማናጀር የተለየ ምድብ አለ።

አጭሩ መንገድ አውስትራሊያ ውስጥ እውቅና ባለው ፕሮግራም መመረቅ ወይም የዋሽንግተን አኮርድ፣ ማለትም አገሮች የኢንጂነሪንግ ፕሮግራሞቻቸውን እውቅና የሚቀባበሉበት ስምምነት፣ ተጠቃሚ መሆን ነው። ይህን ስምምነት በ1989 የመሠረቱት አውስትራሊያ፣ ካናዳ፣ አየርላንድ፣ ኒውዚላንድ፣ እንግሊዝና አሜሪካ ናቸው። ደቡብ አፍሪካ በ1999፣ ሕንድ በ2014 ገቡ። የአገሩ ስም ዝርዝሩ ላይ መኖሩ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ፕሮግራሙ ራሱ እውቅና ማግኘት አለበት፤ አገሪቱ ከመፈረሟ በፊት የተመረቀም አይካተትም። ለቴክኖሎጂስቶች የሲድኒ፣ ለአሶሼቶች የደብሊን አኮርድ የሚባል ተመሳሳይ ስምምነት አለ።

የቀረው ሰው ሲዲአር (CDR)፣ ማለትም ብቃቱን የሚያሳይ ሪፖርት፣ ይጽፋል፤ ትልቁ ሥራ እዚህ ነው። የሪፖርቱ ዋና አካል ሦስት የሥራ ታሪኮች ናቸው፤ እያንዳንዱ ከ1000 እስከ 2500 ቃል። አንቀጾቹ ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ ከዚያ በማጠቃለያ ሰንጠረዥ የትኛው አንቀጽ የትኛውን ብቃት እንደሚያሳይ ይጠቆማል። ለፕሮፌሽናል ኢንጂነር የብቃት መለኪያዎቹ 16 ናቸው። ስድስቱ እውቀትን፣ አራቱ እውቀትን ሥራ ላይ ማዋልን፣ ስድስቱ ሙያዊና ግላዊ ባሕርይን ይመለከታሉ። በተጨማሪ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ የሙያ ማሻሻያ ዝርዝር፣ ማለትም ከምረቃ በኋላ የተወሰዱ ሥልጠናዎችና የመሳሰሉት፣ ይያያዛል።

አዲስ ምሩቅ ብዙ ጊዜ «ልምድ የለኝም» ብሎ ይሸሻል። ሳያስፈልግ ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክት እንደ ሥራ ታሪክ ሊቀርብ ይችላል። ወሳኙ «እኔ» ብሎ መጻፍ ነው። «ቡድናችን ድልድዩን ዲዛይን አደረገ» የሚል ዓረፍተ ነገር ለመዛኙ ምንም አይነግረውም። ጭነቱን ማን አሰላ? ያንን ዘዴ ለምን መረጠ? ስሌቱ አልሄድ ሲል ምን አደረገ? ሙያውን የሚያከብር ማኅበር ይህን መጠየቁ ተገቢ ነው።

ሲዲአርን በአማካሪ ማሠራት ላይ ክርክር አለ። ምክር መጠየቅ ምናልባት ችግር የለውም፤ አስጽፎ በራስ ስም ማስገባት ግን ማጭበርበር ነው። ጽሑፉ ከሌሎች ጋር ይመሳከራል፤ የተቀዳ ሆኖ ከተገኘ ማመልከቻው ውድቅ ይሆናል፣ አመልካቹም ለተወሰነ ጊዜ ሊታገድ ይችላል።

እንግሊዝኛ ማስመስከርም ግድ ነው፤ በአይኤልትስ ከሆነ በአራቱም ክፍል ቢያንስ 6። የሥራ ልምድ ማስመዘን አማራጭ ነው፤ ለቪዛ ነጥብ ግን ይጠቅማል።

የውጤት ደብዳቤው ቪዛ አይደለም። በነጥብ ለሚሰጡት ቪዛዎች ቢያንስ 65 ነጥብና ከ45 ዓመት በታች መሆን ያስፈልጋል፤ ምዘናውም ከሦስት ዓመት በላይ የቆየ መሆን የለበትም። የሥራ ፈቃድም አይደለም፤ ለምሳሌ ኩዊንስላንድ ውስጥ ፕሮፌሽናል የኢንጂነሪንግ አገልግሎት የሚሰጥ ሰው በግዛቱ ሕግ መመዝገብ ወይም በተመዘገበ ኢንጂነር ቀጥተኛ ክትትል ሥር መሥራት አለበት።