«ጠርጥር! ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» ማንን ጠርጥር ነው የሚለው?

ሰሞኑን ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ በተጠራ የሰፈር ስብሰባ ላይ ነበርኩ። አጀንዳው የሌሊት ስርቆት ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊሱ ስለ ሮንድ፣ ስለ ተከራይ ምዝገባ፣ ነዋሪው ከፖሊስ ጋር እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳል። መሐል ላይ አንድ አባት ብድግ አሉ። «የኔ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል? ትናንት ከገጠር የመጡትን ጎረምሶች ያዙልን! ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር ነው የሚባለው።» ቤቱ በጭብጨባ ደመቀ።

እኔን ግን አናደደኝ። ገንፎ ሲገነፋ አጠገብ የቆመ ሰው ይህን ተረት መጤ ላይ አይተርተውም።

አያቴ ሜጫ ነበር የምትኖረው። ጎረቤት በወለደች ቁጥር ገንፎው የእሷ ሥራ ነው። ውኃው ሲፈላ የገብስ ዱቄቱን በትንሽ በትንሹ ትነሰንሳለች። ከዚያ ትግል ነው። ገንፎ እንደ ወጥ ዝም ብሎ አይማሰልም፤ ይጠጥራል፣ ማማሰያውን ጨምድዶ ይይዛል። በሁለት እጇ ይዛ፣ ላቧ ጠብ እስኪል ታሸዋለች። ማማሰያው የድስቱን ዳር እየፋቀ ይዞራል። አዲስ ከሆነ ወይም ከተሰነጠቀ ስንጥር የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። ለዚህ ነው ሥራ ከመጀመሯ በፊት ማማሰያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዳፏ የምትዳብሰው። ከሻከራት፣ የወይራ ይሁን የምን፣ ወደ እሳቱ ነው።

ገንፎው መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬው ይፈስበታል። ሴቶቹ አራሷን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው ዙሪያውን ይቀመጣሉ። ስንጥር ያገኛት ሴት አትጮህም። ከአፏ አውጥታ ትይዘዋለች፤ በኋላ ጓዳ ገብታ ለአያቴ ታሳያታለች። ዱቄቱን ማን አመጣው ተብሎ አይጠየቅም። ማማሰያው ይታያል።

ስንጥሩ ገለባ ነው የሚሉ አሉ። አልቀበልም። ወንፊትን ምን ሠራችሁት? እኔ እንደማምነው ተረቱ የወጣው ከጓዳ ነው፤ ሴቶች ናቸው ያወጡት። «ታዲያ ለምን ጠርጥሪ አላለም?» ካላችሁ፣ የተነገረው ለበላተኛው ባል ነዋ! እንዲያውም ለሌባሻይ የተሰጠ መልስ ይመስለኛል። ሌባሻይ ማለት ድሮ ሌባ የሚፈለግበት መላ ነው። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት የሌባ ቤት ይባላል። ጓዳ ያለችው ሴት ይህን አይታ «መጀመሪያ ማማሰያህን እይ» ያለች ይመስለኛል። ማስረጃ አምጣ እንዳትሉኝ።

ፖሊሱም የለመነው ይህንኑ ነበር። ተከራይ ስታስገቡ መታወቂያውን እዩ፤ ጥበቃ ስትቀጥሩ ተያዥ ጠይቁ፤ የግቢያችሁን መብራት አብሩ። አንድ ያላነሳውን እኔ ልጨምር። ካጨበጨብነው መሐል ካርቶንም ደረሰኝም የሌለው ስልክ በርካሽ ገዝቶ ዝም ያለ ጠፍቶ ነው? የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት ራሱ ወንጀል ነው። ገዢ ባይኖር የሌሊቱ ሌባ ስልካችንን ምን ሊያደርገው ይሰርቀዋል?

ጥርጣሬ ካለ ደግሞ ቦታ አለው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 11፣ ወንጀሉ ሲፈጸም በዓይኑ ያላየ ሰው እንኳ ማመልከት እንደሚችል ይናገራል። ግን ለፖሊስ የሚጠቅመው «ያ ልጅ ዓይኑ ደስ አይልም» የሚል ወሬ አይደለም። ስንት ሰዓት ላይ፣ በየትኛው አጥር፣ ምን ሲያደርግ፣ የባጃጁ ታርጋ ስንት? ይህን ይዞ ሄዶ መናገር ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 የተከሰሰን ሰው እንኳ ጥፋተኛ እስኪባል እንደ ንጹሕ ያየዋል። ገና ያልተከሰሰውን የጎረቤት ተከራይ እኛ በጭብጨባ ፈረድንበት።

አሁን አሁን ደግሞ ተረቱ ራሱ ተቆርጧል። የሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የማያውቁትን ልጅ ፎቶ ይለጥፉና ከሥሩ «ጠርጥር!» ብቻ ይጽፋሉ። ገንፎውም የለ፣ ስንጥሩም የለ። ቢያንስ ሙሉውን ጻፉት እንጂ!