የጨዋታ ማኅበረሰብ ምንድን ነው?

በብራውዘር ስለሚጫወቷቸው የገጸ ባሕርይ ጌሞች (አንድ ገጸ ባሕርይ ሆነህ የምትጫወትባቸው) ማኅበረሰብ ሲነሣ፣ አንድ አስተያየት ሰጪ «ቻት ክፈቱ፣ ዲስኮርድ (የቡድን መወያያ መተግበሪያ) ጨምሩ፣ አባል ሲበዛ ማኅበረሰብ ይሆናል» ይላል። አይሆንም። 200 አባወራ በመዝገብ ስለሰፈረ እድር አይቆምም። ሐዘን የደረሰ ቀን ድንኳን የሚተክልና ወንበር የሚያመጣ ሲኖር ነው እድር የሚባለው። ጌምም ላይ ጥያቄው ያው ነው፦ አንዱ ሲወድቅ የሚያነሣው ሌላው ነው ወይስ ራሱ?

ኧርባን ዴድን እንይ፤ ኬቫን ዴቪስ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2025 የቆየ የዞምቢዎች ጌም ነው። እያንዳንዱ ድርጊት ነጥብ ያስከፍል ነበር፤ በየግማሽ ሰዓቱ 1 የእርምጃ ነጥብ ታገኝ ነበር፤ ጣሪያው 50 ነበር። ከሞትክ ዞምቢ ሆነህ ትነሣ ነበር። ወደ ሰውነት የምትመለሰው ሌላ ተጫዋች መርፌ ሲወጋህ ብቻ ነበር። መርፌውን ጄኔሬተር ባለው ቤተ ሙከራ ለመሥራት 20 ነጥብ፣ ለመውጋት ደግሞ 10 ይሄድ ነበር። የማያውቅህ ሰው ከቀኑ ነጥብ ከግማሽ በላይ አውጥቶልሃል ማለት ነው። ተጫዋቾቹ ከዚህ ተነሥተው መቃብር ቦታዎችን ዞምቢ የሆነው መርፌ የሚጠብቅበት የወረፋ ቦታ አደረጓቸው፤ ፕሮግራሙ አላዘዛቸውም።

ብዙዎች የሚስቱት ግን የበሩን ጉዳይ ነው። ዞምቢ እንዳይገባ ሕንጻን በዕቃ ማጠር ይቻል ነበር፤ አጥሩ ከልክ ካለፈ ግን ሰውም ከውጭ መግባት አይችልም ነበር። ልምድ ያለው ከሕንጻ ወደ ሕንጻ የሚዘልበት ችሎታ ስለነበረው አይቸገርም ነበር። አዲሱ ችሎታው አልነበረውም፤ ደጅ ያድርና ዞምቢዎች ይበሉት ነበር። ሰፈሩን ለመጠበቅ ብሎ ሁሉን በር የሚያጥር ሰው ሰፈሩን ያመክነዋል። የመግቢያ ክፍያው የናረ እድር አዲስ ጎረቤት እንደማያገኘው ሁሉ ማለት ነው። ስለዚህ የትኛው ሕንጻ እስከ መጨረሻው እንደሚታጠር፣ የትኛው መግቢያ እንደሚተው በየሰፈሩ ዕቅድ ወጣ። የብራውዘር ተጫዋቾች በአንድ ሰዓት አይገናኙምና መልእክቱ መቆየት አለበት፤ ግድግዳ ላይ በቀለም የተጻፈው ጽሑፍ ጠዋት የገባው ለማታው የተወው ነበር።

«ያለ ቻት እንዴት ይሆናል?» ለሚለው፦ ዞምቢ የሆኑት ተጫዋቾች ንግግር በጥቂት ፊደላት ብቻ የተገደበ ነበር። ምግብ፣ ማለትም ሰው፣ ያለበትን ቦታ በጩኸት እየተጠቋቆሙ መንጋ ሆነዋል። ትልልቆቹ መንጋዎች ከጌሙ ውጭ ይመካከሩ እንደነበር አልክድም፤ ግን የሚመካከሩበት ጉዳይ ስለነበራቸው ነው።

ለጌም ሠሪዎች አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አንድ ሰው 5 አካውንት ከፍቶ ራሱን ራሱ ካነሣ መደጋገፉ ይፈርሳል። ኧርባን ዴድ ከአንድ የኢንተርኔት አድራሻ የመጡ ገጸ ባሕርያት ሲቀራረቡ ያዳክማቸው ነበር። አድራሻ ብቻ አይታችሁ ግን አትቅጡ፤ በአንድ ዶርም ወይም ኢንተርኔት ቤት ያሉ ጓደኛሞችም አድራሻቸው አንድ ነው። ሁልጊዜ አብረው የሚንቀሳቀሱትን፣ አንዱ ለሌላው ብቻ የሚያወጣበትን ፈልጉ።