የመኪና የፊት መስታወት ከውስጥ ሲጸዳ መስመር የሚተወው ለምንድን ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወደ ምዕራብ ሲነዱ፣ ወይም ማታ ከፊት የሚመጣ መኪና ረጅም መብራቱን ሲያበራ፣ ቀን ላይ ጥርት ብሎ የነበረው የፊት መስታወት ድንገት ነጭ መጋረጃ ይሆናል። ክብ ክብ መስመሩ፣ የጣት አሻራው፣ ጨርቅ የተጎተተበት ዱካ ሁሉ ይወጣል። በዚያች አንድ ሁለት ሰከንድ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ላይታይ ይችላል። ብዙ አሽከርካሪ ያኔ እጁን ወደ ዝናብ መጥረጊያው ይሰዳል፤ ችግሩ ያለው ግን ከውስጥ ነው። ከውስጥ የሚይዘው ቆሻሻ አቧራ ብቻ ሳይሆን ስስ ቅባት ነው። ሟሙቶ በጨርቅ ካልተነሣ ከቦታ ቦታ እየተገፋ ይውላል እንጂ አይወጣም።

«ሲጋራ አይጨስበትም፣ መስኮቱም ዝግ ነው፤ ከውስጥ ምን ያቆሽሸዋል?»

ዳሽቦርዱ ራሱ ያቆሽሸዋል። ለስላሳው ፕላስቲክ እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅ ሲመረት ማለስለሻ ኬሚካል ይጨመርበታል። መኪናው ፀሐይ ላይ ሲቆም ዳሽቦርዱ ይግላል፣ ኬሚካሉ በትንሽ በትንሹ ይተናል፣ መስታወቱ ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ ያርፋል። «የአዲስ መኪና ሽታ» የምንለው በከፊል ይኸው ነው። አዲስ መኪና መስታወቱ ቶሎ ቶሎ የሚደበዝዘውም ለዚህ ነው። በዚህ ላይ የሰው ትንፋሽ፣ በአየር ማስገቢያው የሚገባው የሌሎች መኪኖች ጭስና አቧራ ሲጨመር ቅባቱ እንደ ሙጫ ይይዘዋል። በተራ አጠቃቀም በወር አንድ ጊዜ ማጽዳት ይበቃል። ሲጋራ የሚጨስበት ወይም ውሎው ፀሐይ ላይ የሆነ መኪና በየ2 ሳምንቱ ይፈልጋል።

«ላርጎ በደንብ አረፋ አድርጎ ማሸት ነው»

ሳሙና ቅባት ይፈታል፤ ግን እሱም ራሱ ይቀራል። ውጭውን ሲያጥቡ በጎማ ውሃ ለቀው ያጥቡታል፤ ውስጡን ግን ውሃ መልቀቅ አይቻልም። ስለዚህ በጨርቅ የተቀባው ሳሙና ደርቆ ሌላ ሽፋን ይሆናል። መስታወቱ በጣም የቆሸሸ ከሆነ ብቻ በግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 1 ጠብታ ያድርጉ፤ 1 ማንኪያ አይደለም። ከዚያ በንጹሕ ውሃ በተጨመቀ ሌላ ጨርቅ 2 ጊዜ ያንሡት።

ዋናው ማጽጃ አልኮል ነው። ከፋርማሲ የሚገዛውን 70 በመቶ አልኮል ከውሃ ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅለው በመርጫ ጠርሙስ ይያዙ፤ 100 ሚሊ ሊትር በ100 ሚሊ ሊትር ለብዙ ጊዜ ይበቃል። አልኮል ቅባቱን ያሟሟል፣ ራሱም ተኖ ይጠፋል። ውሃው የቧንቧ ባይሆን ይመረጣል፤ የጉድጓድ ውሃ ከሆነማ ጭራሽ አይሁን። በሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር መስታወት ላይም ይቀራል፣ ማፍላትም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። የመለዋወጫ ሱቆችና ማደያዎች የሚሸጡት ዲስቲልድ የባትሪ ውሃ ለዚህ ይሆናል። ሲገዙ ግን ጽሑፉን ያንብቡ፤ የባትሪ አሲድም በተመሳሳይ ዕቃ ይሸጣል፣ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል።

አልኮል እሳት ስለሚይዝ በሮቹን ከፍተው ይሥሩ፤ አጠገቡ ሲጋራም ክብሪትም አይኑር።

«ሳኒታይዘርም ያው አልኮል ነው»

አይደለም። ሳኒታይዘር እጅ እንዳያደርቅ ተብሎ ግሊሰሪን ይገባበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በሚመክረው አሠራር 80 በመቶ ኢታኖል ላይ 1.45 በመቶ ግሊሰሪን አለ። ትንሽ ይመስላል፤ አልኮሉ ሲተን ግን ግሊሰሪኑ አብሮት አይሄድም፣ መስታወቱ ላይ ተንጣሎ ይቀራል። ጄል የሆነው ይባስ፣ ማወፈሪያም አለበት። ሳኒታይዘር የተቀባ መስታወት ሲደርቅ የጠራ ይመስላል፤ ማታ መብራት ሲያርፍበት ነው ጉዱ የሚወጣው።

«ጋዜጣን የሚያክል የለም»

ጋዜጣ ውሃ ይጠጣል፣ ብናኙም ከሶፍት ያነሰ ነው፤ ስሙን ያተረፈው በዚህ ነው። ነገር ግን ቀለሙ እጅ ላይና ነጣ ባለው ጣሪያ ላይ ያርፋል፣ ሲርስ ይቀደዳል፣ ከታች ወዳለው ጠባብ ማዕዘንም አይገባም። ሶፍት ደግሞ ነጭ ብናኝ ይተዋል። የሚሻለው ጠጉሩ አጭር የሆነ፣ ለመስታወት ተብሎ የተሠራ ማይክሮፋይበር ነው።

«ማይክሮፋይበር ከሆነ የትኛውም ይሆናል»

ትናንት ዳሽቦርድ የተወለወለበት ጨርቅ ዛሬ መስታወት ከነካ የዘይት ብሩሽ ማለት ነው። የመስታወት ጨርቆች ለብቻቸው ይቀመጡ። ሲታጠቡም ከጥጥ ልብስና ከፎጣ ጋር አይቀላቀሉ፤ የጥጡን ብናኝ ሰብስበው ይይዛሉ። የልብስ ማለስለሻ በፍጹም አይግባባቸው፤ ክሮቹን በስስ ቅባት ስለሚሸፍናቸው ውሃ መጠጣት ያቆማሉ። አዲስ ጨርቅም ቢሆን ከመጀመሪያው ሥራ በፊት 1 ጊዜ ይታጠብ።

«ፀሐይ ላይ ቢሠራ ቶሎ ይደርቃል»

ጉዳቱም እሱ ነው። ፈሳሹ ያሟሟውን ቅባት ጨርቁ ሳይደርስበት እዚያው ጥሎት ይደርቃል። ጥላ ሥር፣ መስታወቱ በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ ሲሆን ይሥሩ። ጠዋት ጥሩ ሰዓት ነው።

«ዋናው ጉልበት ነው፤ ክብ ክብ እያሉ ማሸት»

እዚህ ላይ ነው ብዙ ድካም የሚባክነው። ክብ እየሠሩ ሲያሹ ጨርቁ ያነሣውን ቅባት ዞሮ መጥቶ መልሶ ይቀባዋል፤ የቀረው መስመር ከየት እንደጀመረ እንኳ አይታወቅም። ጉልበት ሳይሆን ቅደም ተከተልና ቶሎ ቶሎ የሚገለበጥ ንጹሕ ጨርቅ ነው የሚያስፈልገው።

መጀመሪያ የዳሽቦርዱን አቧራ ያንሡና ላዩ ላይ ደረቅ ፎጣ ያንጥፉ። በሾፌሩ በኩል መሪው ክንድ ስለሚያግድ በተሳፋሪው ወንበር ተቀምጠው ይጀምሩ። 3 ጨርቅ ያዘጋጁ፤ እያንዳንዱ 2 ጊዜ ሲታጠፍ 8 ንጹሕ ገጽ ይሰጣል።

በመጀመሪያው ጨርቅ ላይ 3 ወይም 4 ጊዜ ረጭተው ከስፖኪዮው እስከ በሩ ያለውን ግማሽ ከላይ ወደ ታች ይጥረጉ። ገጹን ሲያዩት ግራጫ ወይም ቢጫ ቡኒ ከሆነ ቅባቱ እየወጣ ነው፤ ወዲያው ይገልብጡት። በሁለተኛው ጨርቅ፣ በ1 ወይም 2 ርጭት ብቻ፣ ያንኑ ይድገሙ። አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህን ሁለተኛ ዙር ነው፣ መስመሩም የሚቀረው በዚያ ምክንያት ነው። ሳይደርቅ በሦስተኛው፣ ፍጹም ደረቅ በሆነው ጨርቅ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ቀጥ ባለ መስመር ይጨርሱ። ከዚያ ወደ ሌላው ግማሽ ይሻገሩ።

መስታወቱና ዳሽቦርዱ የሚገናኙበት ጠባብ ጥግ ላይ መዳፍ አይደርስም። እጅዎን ይገልብጡት፤ ጨርቁን በጣቶችዎ ጀርባ ላይ አድርገው ወደ ውስጥ ይግፉት፣ ከዚያ ወደ ጎን ይጎትቱት። ቅባቱ ተጠራቅሞ የሚቀረው እዚያ ነው፤ ካልተነሣ በማግሥቱ ሙቀት ሲመጣ የጸዳውን ክፍል ይበክላል።

ውጭውን ሲጨርሱ ከላይ ወደ ታች ያድርጉት። በኋላ መስመር ቢታይ፣ አግድም ከሆነ ከውስጥ፣ ቁልቁል ከሆነ ከውጭ መሆኑን ወዲያው ያውቃሉ። ለማረጋገጥ ሲጨልም የስልክ መብራት በመስታወቱ ላይ አጋድመው ያብሩ፤ ፊት ለፊት የማይታየው ሁሉ ይታያል።

«መስታወቱ ላይ መርጨት ይቀላል»

የተረጨው ወደ ዳሽቦርዱ ይንጠባጠባል፣ በአየር መውጫው ይገባል፣ ፕላስቲክ ላይ ነጠብጣብ ይተዋል። አሁን በብዛት በሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ከመስታወቱ ሥር ትልቅ ስክሪን አለ፣ ከስፖኪዮው ጀርባም ካሜራ ወይም የዝናብ ሴንሰር ይኖራል። ጨርቁ ላይ ይረጩ፤ የካሜራውን ሌንስ አይንኩ።

«አቼቶና አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ሁሉንም ይጨርሳል»

አቼቶ ከውሃ የሚቀረውን ነጭ ነጠብጣብ ያነሣል፤ ከፕላስቲክ ለሚመጣው ቅባት ግን ደካማ ነው። አሞኒያ ቅባት ይቆርጣል፤ ነገር ግን ከውስጥ የተለጠፈን የጥላ ፊልም ያበላሻል፣ ፕላስቲክና ቆዳም ያደርቃል። ፊልሙ ገና የተለጠፈ ከሆነ ሥሩ ያለው ውሃ እስኪወጣ ሳምንታት ስለሚፈጅ፣ የለጠፈው ባለሙያ እስኪፈቅድ ምንም አይነካ።

«ዳሽቦርዱ ካላብለጨለጨ ጸድቷል አይባልም»

ላቫጆ ሲጠየቁ «ሳይቀባ ይቅር» ማለት ይችላሉ። የሚያብለጨልጨው ቅባት ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ማለስለሻው ኬሚካል ተኖ መስታወቱ ላይ ይወጣል፣ ብልጭታውም በመስታወቱ ላይ ተንጸባርቆ ዓይን ይወጋል። ዳሽቦርድ በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ብቻ ይበቃዋል።

«በክረምት ጉም ሲይዝ በእጅ መጥረግ ነው»

መዳፍ ላብና ቅባት ስላለው ጉሙ ሲለቅ የ5 ጣት ዱካ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ዝናብም ጉሙ ያንኑ ዱካ ተከትሎ ይወጣል። ኤሲውን ከሙቀቱ ጋር ያብሩ፣ አየሩ ከውጭ እንዲገባ ያድርጉ፣ ነፋሱን ወደ መስታወቱ ይምሩት። ኤሲው እርጥበቱን ከአየሩ ያወጣል። የውስጡ አየር ብቻ እንዲዞር ካደረጉት ግን የተሳፋሪው ትንፋሽ ተመልሶ ይመጣል፣ ጉሙም አይለቅም።

«ያለፈውን ቦሎ በጥፍር መላጥ ይቻላል»

ወረቀቱ ይላጣል፣ ሙጫው ይቀራል፣ ሙጫውም አቧራ ሰብስቦ ጥቁር አራት ማዕዘን ይሆናል። በአልኮል የራሰ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ያህል ይጫኑበት፣ ቢደርቅ በመሃል ያርሱት፤ ከዚያ በአሮጌ የሞባይል ካርድ ጠርዝ ይግፉት። ምላጭ የሚነሣው ካርዱ ካቃተው ብቻ ነው፤ ያኔም መስታወቱ እርጥብ ሆኖ፣ ምላጩ ጋደም ብሎ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል። ፊልም ባለበት፣ በጠርዙ ጥቁር ነጠብጣብ ላይ፣ በኋላው መስታወት የማሞቂያ ክሮች ላይ ምላጭ አይነካም። አዲሱ ቦሎ የሚለጠፈው አልኮሉ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ነው፤ እርጥብ ላይ ካረፈ ጠርዙ ይነሣና አቧራ ይገባበታል።