ሳልሞንና ግድብ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ስዊድንና ፊንላንድ ከወንዞቻቸው መብራት ማመንጨት ከጀመሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። አሁን ደግሞ እንደ ሳልሞን ያሉ፣ ባሕር አድገው ለመራባት ወንዝ ሽቅብ የሚወጡ፣ ግድብ ግን መንገድ የዘጋባቸውን ዓሣዎች መራቢያ መልሶ የማዘጋጀት ሥራ ተይዟል። ስለዚህ ሥራ ብዙ ይወራል፤ ግማሹ ግን ልክ አይደለም።

«መሰላል ከተሠራለት ሌላው ዕዳው ገብስ ነው»

መሰላል የሚባለው ግድቡ ጎን በደረጃ የተደረደረ የውሃ ገንዳ ነው፤ ሳልሞኑ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ ይወጣል። መጀመሪያ ግን መግቢያውን ማግኘት አለበት። ሳልሞን ኃይለኛ ውሃ ነው የሚከተለው። ኃይለኛው ውሃ ደግሞ ከተርባይን የሚወጣው ነው። በሰሜን ስዊድን፣ ኡሜ ወንዝ ላይ ባለው ስቶርኖርፎርስ ማመንጫ በ2010 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አዲስ መሰላል ተሠርቷል። ያም ሆኖ ዓሣው በማመንጫው መውጫ እየተሳበ መንገድ ይስታል።

የመልስ ጉዞም አለ። የአትላንቲክ ሳልሞን እንደ ፓስፊኩ ዘመዱ ከተራባ በኋላ የግድ አይሞትም፤ ባሕር ወርዶ ዳግም ሊመጣ ይችላል። ልጆቹም መውረዳቸው አይቀርም። ሽቅብ ለመውጣት ብቻ የታሰበ መሰላል እነዚህን ከተርባይን አያድናቸውም።

«ውሃ እስካለ ድረስ የትም ይራባል»

ከሁሉም የሚያስቸግረው ስህተት ይሄ ነው። በጥቅምት ገደማ ሴቷ ሳልሞን በጎኗ ትተኛና ወለሉን በጅራቷ ትመታለች። ጠጠሩ እየተነሳ ጉድጓድ ይከፈታል። እንቁላሏን ትጥላለች፣ ወንዱ ያዳብረዋል። ከዚያ ትንሽ ከፍ ብላ ትቆፍራለች፤ ከዚያ የተነሳው ጠጠር ወርዶ የመጀመሪያውን ይሸፍናል። እንቁላሉ የበረዶውን ወራት ሙሉ እዚያው ተቀብሮ ይቆያል። የሚተነፍሰው በጠጠሮቹ መሃል በሚያልፈው ንጹሕ ውሃ ነው። ደለል ክፍተቱን ከደፈነው ታፍኖ ይሞታል።

ግድብ ይህን መራቢያ ያበላሻል። ከላይ ጠጠሩን ይዞ ያስቀራል። ከታች ደግሞ ውሃው ትንንሹን ጠራርጎ ሴቷ ልታነሳው የማትችለውን ትልልቅ ድንጋይ ይተዋል።

ግድብ የሌለበት ወንዝም አልተረፈም። የኡሜ ገባር የሆነው ቪንደል ወንዝ ዋናው መስመሩ አልተገደበም። ግን ግንድ በውሃ ለማውረድ ሲባል ድንጋዩ በድማሚትና በማሽን ተጠርጎ ወደ ዳር ተገፋ። ዛሬ ኤክስካቫተር ያንኑ ድንጋይ መልሶ ውሃው ውስጥ ያስቀምጣል፣ ጠጠርም ያፈስሳል። አያቶች በደመወዝ ያወጡትን የልጅ ልጆች በደመወዝ ይመልሳሉ!

«የዓሣ ጫጩት አርብቶ መልቀቅ ይበቃል»

የስዊድን ኃይል አመንጪዎች በፍርድ ቤት ግዴታ በየዓመቱ ይህን ያደርጋሉ። እንዲለይም ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሿን ክንፍ ይቆርጧታል። ነገር ግን በገንዳ ያደገ ዓሣ ወንዝ ውስጥ ሲራባ በአብዛኛው የዱሩን ያህል አይሳካለትም።

«ግድብ ቢፈርስም ዓሣው በቀላሉ አይመለስም»

ሂቶላንዮኪ ከደቡብ ምሥራቅ ፊንላንድ ተነስቶ ሩሲያ ውስጥ ላዶጋ ሐይቅ ይገባል። ባሕር የማያውቅ፣ ሐይቅ ውስጥ የሚያድግ ሳልሞን አለው። ሦስት ትንንሽ ማመንጫዎች ነበሩበት፤ ካንጋስኮስኪ በ2021፣ ላህናሰንኮስኪ በ2022፣ ሪታኮስኪ በ2023 ፈረሱ። በካንጋስኮስኪ ሳልሞን የተራባው ገና ግድቡ በፈረሰበት ዓመት፣ በ2021 ነው።

ግድቡ ሲፈርስ የተጠራቀመው ደለል ወደ ታች ይወርዳል የሚለው ስጋት ግን እውነት አለው። አሜሪካ ውስጥ በኤልዋ ወንዝ ከ2011 እስከ 2014 ሁለት ትልልቅ ግድቦች ሲፈርሱ ውሃው ለረጅም ጊዜ ደፈረሰ። ሆኖም የወረደው ጭቃ ብቻ አልነበረም፤ የታችኛው ወንዝ መቶ ዓመት ያጣው ጠጠርም አብሮ ነበር።

«ሁሉም ግድብ ይፍረስ ነው የሚሉት»

አይደለም። የስዊድን መብራት 40 በመቶ ገደማ ከውሃ ነው፤ ትልልቆቹን የሚነካ የለም። እዚያ የሚጠየቀው ዓመቱን ሙሉ የተወሰነ ውሃ እንዲለቀቅና ልቀቱ በድንገት እንዳይቀንስ ነው። ውሃው ቶሎ ሲሸሽ ጫጩቶቹ ዳር ላይ ደርቀው ይቀራሉ።

«ይሄ የፈረንጅ አገር ጉዳይ ነው»

ጣናን ያየ እንዲህ አይልም። በጣና ያሉት ባርበስ የሚባሉት ትልልቅ ዓሣዎች፣ ብዙዎቹ ዝርያዎች፣ በክረምት እንደ ጉማራና ርብ ባሉ ገባር ወንዞች ሽቅብ ወጥተው ንጹሕ ጠጠር ላይ ይራባሉ። ርብ ላይ የመስኖ ግድብ አለ። ወንዞቹ ሐይቁ ውስጥ በሚገቡበት ቦታ ደግሞ፣ ዓሣው ለመራባት በሚሰበሰብበት ወቅት፣ መረብ ይዘረጋበታል።