ጋላክሲ ሲዞር ያየ የለም፤ ፍጥነቱ ግን ይለካል

ፀሐይ ቆማ አታውቅም። ምድርንና ሌሎቹን ፕላኔቶች አስከትላ በፍኖተ ሐሊብ ጋላክሲ እምብርት ዙሪያ ትከንፋለች። ፍጥነቷ በሰከንድ ከ230 እስከ 250 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። እንዲህ እየበረረችም አንዱን ዙር ለመጨረስ ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ ይፈጅባታል። ባለፈው ዙር እዚህ ጋ ስትደርስ ዳይኖሰሮች ለምድር ገና አዲስ እንግዶች ነበሩ። ሰው ደግሞ ቴሌስኮፕ ይዞ ወደ ሰማይ ማንጋጠጥ ከጀመረ 400 ዓመት ቢያልፈው ነው።

ስለዚህ ጋላክሲ አንድ ዙር ሲዞር ቁጭ ብሎ ያየ ሰው የለም፤ አይኖርምም። ፎቶው ላይ ጠመዝማዛ ክንዶቹ ይታያሉ፣ ነገሩ ሁሉ የሚሽከረከር ይመስላል። ግን የዛሬ መቶ ዓመት የተነሳው ፎቶና የዛሬው ጎን ለጎን ቢቀመጡ ለዓይን ልዩነት የላቸውም። እንዲያም ሆኖ የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች የብዙ ሺህ ጋላክሲዎችን የሽክርክሪት ፍጥነት ለክተዋል።

ምስጢሩ ያለው በቀለም ላይ ነው። የኮከብ ብርሃን ተበትኖ ወደ ቀስተ ደመና ቀለማቱ ሲዘረጋ በመሃሉ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ይታያሉ። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ መስመሮች አሉት፤ ቦታቸውም የታወቀ ነው። ለምሳሌ ካልሲየም ከቀይ ቀለም ትንሽ አለፍ ብሎ በ849.8፣ በ854.2 እና በ866.2 ናኖ ሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት ላይ ሦስት መስመሮች ያሰምራል። ኮከቡ ወደ እኛ እየመጣ ከሆነ መስመሮቹ ወደ ሰማያዊው ጫፍ ሸሸት ይላሉ። እየራቀ ከሆነ ወደ ቀዩ። መምህር ሁሉ በአምቡላንስ ጩኸት የሚያስረዳው የዶፕለር ክስተት ይኸው ነው። ክርስቲያን ዶፕለር ሐሳቡን ያቀረበው በ1842 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሽሽቱ ግን ኢምንት ነው። በሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ኮከብ የመስመሩን ቦታ የሚያዛውረው ከ1,500 እጅ አንዱን እጅ ያህል ብቻ ነው። ለካልሲየሙ መካከለኛ መስመር ይህ ከ0.6 ናኖ ሜትር በታች ነው። የፍጥነት ልኬቱ በሙሉ የተንጠለጠለው በዚህች ቅንጣት ላይ ነው።

አሁን የሚዞር ጋላክሲ በጎኑ ጋደል ብሎ ቢታየን አንደኛው ወገን ወደ እኛ ይመጣል፣ ሌላኛው ይሸሻል። የብርሃን መበተኛው መሣሪያ ቀጭን ስንጥቅ አለው። ስንጥቁን በጋላክሲው ረጅም ጎን ላይ ስታሳርፈው ከየቦታው የሚመጣው ብርሃን ለየብቻ ይመዘገባል። ጋላክሲው ባይዞር መስመሩ ቀጥ ይል ነበር። ስለሚዞር ግን ያጋድላል። በአሪዞና የሎዌል ኦብዘርቫቶሪ ተመራማሪ የነበረው ቬስቶ ስላይፈር ይህን ዘንበል ያለ መስመር በሶምብሬሮ ጋላክሲ ላይ ያየው በ1914 ነበር። ያኔ ይህ ነገር ጋላክሲ መሆኑን እንኳ እርግጠኛ የነበረ ሰው አልነበረም። ስሙ ኔቡላ ነበር፤ ጭጋግ እንደማለት ነው።

ሥራው ትዕግሥት ይጨርሳል። ፍራንሲስ ፒዝ በ1917 በካሊፎርኒያው ማውንት ዊልሰን ኦብዘርቫቶሪ የአንድሮሜዳን እምብርት ሽክርክሪት ሲለካ ለአንድ ምስል 80 ሰዓት ገደማ ብርሃን መሰብሰብ ነበረበት። ሌሊቱ ሲነጋ የፎቶ መስታወቱ ይሸፈናል፤ ማታ እንደገና ተከፍቶ በዚያው ነጥብ ላይ ይነጣጠራል። እንዲህ እያለ ወራት ያልፋሉ። ውጤቱ ግን ግልጽ ነበር፤ ከመሃሉ ራቅ ባሉ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል።

በዚያው ዘመን፣ በዚያው በማውንት ዊልሰን፣ ሌላ ሰው አቋራጭ መንገድ ሞከረ። አድሪያን ቫን ማነን በቀለም አልሄደም። በተለያዩ ዓመታት የተነሱ ፎቶዎችን አመሳክሮ ነጥቦቹ ከቦታቸው መንቀሳቀሳቸውን በቀጥታ ለመለካት ተነሳ። በ1916 ኤም 101 የተባለው ጠመዝማዛ ኔቡላ ሲዞር ማየቱን አስታወቀ። እንደ ስሌቱ አንድ ዙር የሚፈጀው 85,000 ዓመት ገደማ ነበር።

ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ኔቡላው ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ በሚሊዮኖች የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ከሆነ በዚያ ፍጥነት ለመዞር ጠርዙ ከብርሃን መፍጠን ነበረበት። የማይሆን ነገር ነው። ስለዚህ ኔቡላዎቹ ቅርብና ትንንሽ መሆን አለባቸው ተባለ። ኔቡላዎቹ ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ ናቸው ወይስ አይደሉም በተባለበት በ1920ው ታዋቂ ክርክር ላይ፣ አይደሉም ይል የነበረው የሥነ ፈለክ ባለሙያ ሃርሎ ሻፕሊ ይህን ውጤት ለወገኑ ማስረጃ አድርጎ አቀረበው። ከዚያ ኤድዊን ሀብል በ1923 በአንድሮሜዳ ውስጥ ብርሃኑ በየጊዜው የሚለዋወጥ ኮከብ አገኘ። በሱ አማካይነት ርቀቱን ሲያሰላው አንድሮሜዳ ከኛ ጋላክሲ ፈጽሞ ውጭ ሆነ። ታዲያ የቫን ማነን ሽክርክሪትስ? አልነበረም። ሀብል በ1935 ልኬቱን ደግሞ ሲያየው እንቅስቃሴውን አጣው። ቫን ማነን ራሱም ውጤቱ በጥንቃቄ መታየት እንዳለበት አመነ። ሰውየው አጭበርባሪ አልነበረም፤ የተከበረ ለኪ ነበር። የፈለገው ነገር ግን በጊዜው መሣሪያ የሚታይ አልነበረም።

የቀለሙ መንገድም የራሱ ጣጣ አለው። መጀመሪያ፣ ዶፕለር የሚነግረን ወደ እኛ የሚመጣውንና ከኛ የሚርቀውን ፍጥነት ብቻ ነው። ጋላክሲው ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደ እኛ ካዞረ ከዋክብቱ በእይታችን ላይ በአግድም ስለሚሄዱ መስመሩ ምንም አይሸሽም። ስለዚህ የፎቶ ቆንጆዎቹ፣ ክንዶቻቸውን ዘርግተው የሚታዩት ጋላክሲዎች፣ ለዚህ ሥራ አይመቹም። ጋደል ያለ ሲገኝ ዲስኩ በእውነቱ ክብ ነው ተብሎ ይታሰባል። ከዚያ ስፋቱ ከርዝመቱ ጋር ተመዛዝኖ የመጋደሉ ልክ ይሰላል፤ ፍጥነቱም በዚያ ይታረማል። የመጋደሉ ልክ ከተሳሳተ ፍጥነቱም ይሳሳታል።

ሁለተኛው ጣጣ ከዋክብቱ ራሳቸው ናቸው፤ ለኔ ከዚህ ጉዳይ ሁሉ የሚጥመኝም ይኸኛው ነው። ጋዝ ሥርዓት ያውቃል። ጋዝ ከጋዝ ሲጋጭ ስለሚረጋጋ አብዛኛው በአንድ መስመር እየተከተለ ይዞራል። ኮከብ ግን ከኮከብ ጋር አይጋጭም፤ በመካከላቸው ያለው ባዶ ቦታ እጅግ ሰፊ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ኮከብ ከዋናው ጉዞ በተጨማሪ የራሱ አመል አለው። አንዱ ወደ ውስጥ ገባ ይላል፣ አንዱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ አንዱ ይዘገያል። ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ይህ መወላገድ ይብሳል። ከዚህ የተነሳ አሮጌ ከዋክብት በአማካይ ከጋዙና ከወጣቶቹ ወደ ኋላ ይቀራሉ። የጋላክሲው ክብደት የሚሰላው ከፍጥነቱ ስለሆነ፣ ይህን መዘግየት ሳያርም የአሮጌ ከዋክብትን ፍጥነት ብቻ ይዞ የሚሄድ ለኪ ጋላክሲውን ከእውነቱ ያቀልለዋል።

በሩቅ ጋላክሲ ውስጥ ደግሞ ኮከቦቹ አንድ በአንድ አይለዩም። የሚሊዮኖች ብርሃን ተደባልቆ ነው የሚመጣው። ያኔ መስመሩ ከመሸሽ አልፎ ይወፍራል፤ ምክንያቱም ወዲያና ወዲህ የሚሉት ሁሉ በአንድ ላይ ተደራርበዋል። መሸሹ የጋራውን ጉዞ ይናገራል፣ ውፍረቱ ደግሞ የግሉን ትርምስ። ሁለቱን መለየት ነው የሙያው ዋና ጥበብ።

ታዲያ ጋዝ ካለ ከዋክብትን ምን አስፈለገ? አንደኛ፣ ሞላላ ጋላክሲዎች ብዙ ጊዜ የረባ ጋዝ የላቸውም። ሁለተኛ፣ ጋዝ ይገፋል። የሚፈነዳ ኮከብ ይነፋዋል፣ የእምብርቱ ጥቁር ጉድጓድ ያባርረዋል። ኮከብ ግን የሚታዘዘው ለስበት ብቻ ነው።

ሞላላዎቹ ላይ ከዋክብቱ ያልተጠበቀ ነገር ተናገሩ። እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ሞላላ ጋላክሲ የተጨፈለቀ ቅርጽ ያገኘው ስለሚሽከረከር ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በ1975 በርቶላና ካፓቾሊ የተባሉ ጣሊያናውያን ኤንጂሲ 4697 የተባለውን ሞላላ ጋላክሲ ሲለኩ ፍጥነቱ ለቅርጹ የሚበቃ ሆኖ አልተገኘም። ቅርጹን የያዘው ያ የከዋክብት የግል መወላገድ ነበር ማለት ነው። በኋላ በላ ፓልማ ደሴት ያለው ሳውሮን የተባለ መሣሪያ መላውን የጋላክሲ ፊት በአንድ ጊዜ እየለካ ካርታ ሠራ። ከነዚህ ካርታዎች በ2007 እነዚህ ጋላክሲዎች ፈጣን ዟሪና ዘገምተኛ ዟሪ ተብለው ለሁለት ተከፈሉ። ማንጋ የተባለው ፕሮጀክት ደግሞ ይህን ዓይነት ካርታ ለ10,000 ገደማ ጋላክሲዎች ሠርቷል። ጉድ የሚያሰኙም አልጠፉም። በ1992 ቬራ ሩቢንና ባልደረቦቿ ኤንጂሲ 4550 በተባለ ጋላክሲ ውስጥ የከዋክብቱ ግማሽ ያህል ወደ አንድ አቅጣጫ፣ የቀሩት ደግሞ በተቃራኒው ሲዞሩ አገኙ። በአንድ ዲስክ ላይ፣ ሳይጋጩ።

የገዛ ጋላክሲያችንን መለካት ከውጭዎቹ የሚቀል ይመስላል፤ አይቀልም። ውስጡ ነው ያለነው፣ አቧራውም እይታውን ይጋርዳል። በርቲል ሊንድብላድ በስዊድን፣ ያን ኦርት በኔዘርላንድ በ1920ዎቹ መጨረሻ መላ ዘየዱ። ጋላክሲው የሚዞረው ሁሉም አብሮ እንደ ጎማ ካልሆነ ወደ እምብርቱ የቀረቡ ጎረቤት ከዋክብት እኛን እየቀደሙን መሄድ አለባቸው፤ ከውጭ ያሉት ደግሞ ወደ ኋላ መቅረት። ኦርት በ1927 ይህንኑ ዝንባሌ በከዋክብት ፍጥነት ውስጥ አገኘው። ከዚያ በ1951 ከሃይድሮጂን የሚመጣው ባለ21 ሴንቲ ሜትር የሬዲዮ ሞገድ ተያዘ፤ አቧራ አያግደውም። በ2013 የመጠቀችው ጋያ ሳተላይት ደግሞ ጨዋታውን ቀየረች። ወደ 1.8 ቢሊዮን ለሚጠጉ የሰማይ አካላት ቦታ መዝግባለች። በ2022 ይፋ በሆነው መረጃዋ የ33 ሚሊዮን ከዋክብትን የመቅረብና የመራቅ ፍጥነት ሰጥታለች። የተጠቀመችውም ቅድም በጠቀስናቸው የካልሲየም መስመሮች ነው።

ሁሉም ሰው የሚያውቀው የዚህ ልኬት ውጤት ጨለማ ቁስ፣ ማለትም የማይታይ ግን በስበቱ የሚታወቅ ቁስ ነው። በሥርዓተ ፀሐይ ውስጥ ሜርኩሪ በሰከንድ 47 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ሩቁ ኔፕቲዩን 5.4 ብቻ ይጓዛል። ክብደቱ በሙሉ ማለት ይቻላል መሃል ላይ ስለሆነ የራቀ ይዘገያል። የጋላክሲም ብርሃን አብዛኛው መሃል አካባቢ ስለሆነ ዳር ያሉት ይዘገያሉ ተብሎ ተጠበቀ። ሆራስ ባብኮክ በ1939 አንድሮሜዳን ሲለካ ዳሩ የተጠበቀውን ያህል አልዘገየም። ሰሚ ግን አላገኘም። ሩቢንና ኬንት ፎርድ በ1970 በተሻለ መሣሪያ የአንድሮሜዳን 67 ቦታዎች ለኩ። በሚቀጥሉት ዓመታት በርካታ ጋላክሲዎች ተጨመሩ፤ ፍጥነቱ ወደ ዳር ሲሄዱ አይወርድም፣ ዝርግ ነው። አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፦ ያ ዝነኛ ልኬት የተወሰደው ከከዋክብቱ ብርሃን ሳይሆን በትኩስ ወጣት ከዋክብት ዙሪያ ከሚያበራው ጋዝ ነው። አልበርት ቦስማ በ1978 በሃይድሮጂን ሬዲዮ ሞገድ ከሚታየው ዲስክ አልፎ ሲለካም ያው ዝርግ መስመር ቀጠለ።

ያን ፍጥነት የሚይዝ የማይታይ ክብደት መኖር አለበት፤ ብዙዎቹ የተስማሙት በዚህ ነው። ሞርዴሃይ ሚልግሮም ግን በ1983 ችግሩ ከስበት ሕጉ ሊሆን ይችላል ብሎ ሌላ ስሌት አቀረበ። ክርክሩ አልተዘጋም።

የቫን ማነን ሕልምስ የት ደረሰ? ከኛ 160,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ ታላቁ የማጀላን ደመና የሚባል ትንሽ ጋላክሲ አለ። ሀብል የጠፈር ቴሌስኮፕ በዓመታት ልዩነት ደጋግሞ አነሳው። ከበስተጀርባው ያሉትን፣ ከርቀታቸው የተነሳ የማይነቃነቁ የሚመስሉትን ኳሳሮች (እጅግ ብሩህ የሆኑ የሩቅ ጋላክሲዎች እምብርቶች) እንደ ችካል ተጠቅሞ ከዋክብቱ በሰማይ ላይ ምን ያህል ፈቀቅ እንዳሉ ተለካ። በ2014 ይፋ የሆነው ውጤት ቫን ማነን አየሁ ያለውን ዓይነት ነገር ነበር፤ ያለ ቀለም፣ በፎቶ ብቻ የተገኘ ሽክርክሪት። አንዱ ዙር 250 ሚሊዮን ዓመት ይፈጃል።