የስኪ ራዲየስ ምንድን ነው? «13 ሜትር» የተጻፈበት ስኪ ለምን በ13 ሜትር አይዞርም?

«አጭር ኩርባ ከፈለግህ ራዲየሱ ትንሽ የሆነውን ውሰድ። 13 ከተጻፈበት በ13 ሜትር ይዞርልሃል።» ማሽን በደለደለው የበረዶ ተዳፋት ላይ ለካርቪንግ (በጎን ሳይንሸራተቱ በስኪው ጠርዝ በረዶውን እየቆረጡ ለመዞር) የሚሆን ስኪ ምረጡልኝ ያለ ሰው ይህን ምክር ሳይሰማ አይቀርም። አንድ አስተያየት ሰጪማ «11 ከ13 ይሻላል፣ ሒሳብ ነው» ብሎ ደምድሞታል። ሒሳብ ከሆነ እስኪ እንሥራው።

ስኪውን ጠረጴዛ ላይ አጋድሙት። ጫፉ ሰፊ፣ ወገቡ ቀጭን፣ ጭራው እንደገና ሰፊ ነው። ይህ የጎን ቅስት የአንድ ትልቅ ክብ ቁራጭ ሲሆን ራዲየስ የሚባለው የዚያ ክብ ራዲየስ ነው። 118፣ 68፣ 102 ሚሊሜትር የሚሉትን የጫፍ፣ የወገብና የጭራ ስፋቶች እንውሰድ። ጫፍና ጭራ ሲደመሩ 220፤ የወገቡ እጥፍ 136 ሲቀነስ 84፤ ለ4 ሲካፈል 21 ሚሊሜትር። የቅስቱ ጥልቀት ይህ ነው። በሁለቱ ሰፊ ነጥቦች መካከል 1.45 ሜትር ካለ፣ ያንን በራሱ አባዝቶ በጥልቀቱ 8 እጥፍ ማካፈል ነው፤ 12.5 ሜትር ግድም ይወጣል። በዚህ ስሌት ውስጥ ፍጥነት የለም፣ ክብደት የለም፣ ተዳፋት የለም። ርዝመቱ ግን በራሱ ተባዝቶ ስለሚገባ ያው ሞዴል በ158 ሴንቲሜትር አንድ ራዲየስ፣ በ172 ሌላ ራዲየስ አለው። ስለዚህ ርዝመቱን ሳይጠቅሱ «የዚህ ሞዴል ራዲየስ 13 ነው» ማለት ምንም አይነግርም።

ቁጥሩ የኩርባው መጠን እንዳልሆነ ለማየት በተተከሉ ምሰሶዎች መካከል እየተጠማዘዙ የሚወርዱበትን የስላሎም ውድድር ማሰብ ይበቃል። የዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ደንብ ከአንዱ የመዞሪያ ምሰሶ እስከ ቀጣዩ ያለውን ርቀት ከ6 እስከ 13 ሜትር ይወስነዋል። ወንዶቹ የሚቆሙበት ስኪ ቢያንስ 165 ሴንቲሜትር ሲሆን ራዲየሱ 12 ወይም 13 ሜትር አካባቢ ነው። 13 ሜትር ራዲየስ ያለው ግማሽ ክብ ዲያሜትሩ 26 ሜትር ነው። ቁጥሩ እንደሚባለው ቢሆን ኖሮ ተወዳዳሪው ሁለተኛውን ምሰሶ ባላገኘው ነበር።

የጎን ቅስቱ መሬት ላይ የተጋደመ ደጋን ነው። ኩርባ አለው፣ ግን ገና አልተሳበም። ስኪው ጠርዙ ላይ ሲያዘነብል ወገቡ በረዶው ላይ እስኪያርፍ ድረስ ይጎብጣል፤ በዘነበለ ቁጥር ብዙ መጉበጥ አለበት፣ ኩርባውም ያጥራል። ራዲየሱን በማዘንበያው ማዕዘን ኮሳይን ማባዛት ነው። የ13 ሜትሩ ስኪ በ30 ዲግሪ 11.3 ሜትር፣ በ60 ዲግሪ 6.5 ሜትር ይዞራል። ደጋኑን የሚስበው ክንድ ያለ ኃይል አይስብም፤ እዚህ ያ ኃይል የሚመጣው ከፍጥነት ነው። ቆሞ 60 ዲግሪ ያዘነበለ ሰው ይወድቃል።

አስተያየት ሰጪው የዘለለው ይህንን ነው። ሰውነት ሳይወድቅ የሚያዘነብልበት ማዕዘን በፍጥነቱና በኩርባው ይወሰናል። ሁለቱን ስንገጥማቸው፣ የፍጥነቱ ስኩዌር ለስበት ፍጥንጥነትና ለስኪው ራዲየስ ብዜት ሲካፈል የማዕዘኑን ሳይን ይሰጣል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የ13 ሜትሩ ስኪ 14 ዲግሪ ብቻ አዘንብሎ በ12.6 ሜትር ይዞራል፤ የ11 ሜትሩ በ10.5። ልዩነቱ ትንሽ ነው። በ36 ኪሎ ሜትር ግን የ13ቱ 52 ዲግሪ ጠይቆ በ8 ሜትር ግድም ሲዞር፣ የ11ዱ 68 ዲግሪ ይጠይቃል። ይህ የውድድር ሰው ማዕዘን ነው፤ ሌላው ሰው እዚያ ሳይደርስ ጠርዙ ይለቅና ስኪው በረዶውን በጎኑ እየጠረገ ይወርዳል። ሳይን ከ1 ስለማይበልጥ፣ በዚሁ ስሌት የ11 ሜትሩ የፍጥነት ጣሪያ በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ነው፣ የ13ቱ ደግሞ ወደ 41። ትንሽ ራዲየስ ማለት ዝቅተኛ የፍጥነት ጣሪያ ማለት ነው። ፈጥኖ በሚወርድ ሰው እግር ሥር «11 ይሻላል» የሚለው ምክር ካርቪንጉን ያሳጣዋል።

ስሌቱ ተዳፋቱን ጠፍጣፋ፣ ሰውየውን ቀጥ ያለ እንጨት አድርጎ እንደሚወስድ መታወቅ አለበት። ዳሌውን ወደ ኩርባው ውስጥ አስገብቶ ትከሻውን ወደ ውጭ የሚያቆይ ሰው ሰውነቱ ካዘነበለው በላይ ስኪውን ጠርዙ ላይ ያዘነብላል። የተዳፋቱ ቁልቁለትም ኩርባው መጨረሻ ላይ ጫናውን ይጨምራል።

ጠንካራ ደጋን በደካማ ክንድ አይሳብም። ሁለት ስኪዎች ራዲየሳቸው 13 ሆኖ አንዱ የአሉሚኒየም ቅይጥ ንጣፍ ያለው የውድድር ስኪ፣ ሌላው እንጨትና ፋይበርግላስ ብቻ ከሆነ፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው የመጀመሪያውን ማጉበጥ ያቅተዋል፤ 95 ኪሎ የሚመዝነው ሁለተኛውን ከመጠን በላይ ያጎብጠዋል፣ ጫፉም ይርገበገባል። ከማጉበጥ ሌላ መጠማዘዝ አለ፦ ጫፉን ይዛችሁ እንደ ቁልፍ ጠምዝዙት። በቀላሉ ከተጠማዘዘ ጠንካራ በረዶ ላይ ጫፉ ከወገቡ ባነሰ ማዕዘን ይቀመጣልና አይነክስም። ይህ ጠባይ ስኪው ላይ አይጻፍም።

«አጭር ስኪ ለአጭር ኩርባ» የሚለው የዚያው ስህተት ወንድም ነው። ስኪው ሲያጥር በረዶውን የሚይዘው ጠርዝም ያጥራል። 175 ሴንቲሜትር ቁመትና 75 ኪሎ ያለው፣ ጠርዝ ላይ መቆም የሚችል ሰው ከ160 እስከ 168 ሴንቲሜትር፣ ራዲየሱ ከ12 እስከ 14 ሜትር፣ ወገቡ ከ66 እስከ 72 ሚሊሜትር የሆነውን ይውሰድ። ወገቡ 80 ካለፈ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው መሸጋገሪያው ይዘገያል፤ ጠንካራ በረዶ ላይም የጉልበት መገጣጠሚያ ላይ ጫና ይበዛል። ገና በጎኑ እየጠረገ የሚዞር ጀማሪ ስለ ራዲየስ አይጨነቅ፤ ለስላሳ ስኪ ይፈልግ። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረበት የአገር አቋራጭ ስኪ የተለየ ዕቃ ስለሆነ ይህ ሁሉ እሱን አይመለከትም።

የጠርዙ ስለት ካልተስተካከለ ከላይ ያለው ስሌት ሁሉ አይሠራም። የጎን ጠርዙ 88 ዲግሪ፣ ለጠንካራ በረዶ 87 ይሁን። ከሥር በኩል ያለው መክፈቻ፣ ማለትም ጠርዙ ከመንሸራተቻው ገጽ ወደ ላይ የሚነሳበት ማዕዘን፣ ከ0.5 እስከ 1 ዲግሪ ነው። መደብሩ ደጋግሞ ሲፍቀው ወደ 2 ዲግሪ ከደረሰ ስኪው ዘግይቶ ይነክሳል፤ ሰዎች «ራዲየሱ በዛብኝ» የሚሉት ብዙ ጊዜ ይህንን ነው። ጎኑን በቤት ለመሳል ጠርዙን በማርከር ቀብታችሁ፣ በ88 ዲግሪ መምሪያ ላይ የታሰረውን ሞረድ ከጫፍ ወደ ጭራ አንድ ጊዜ ሳቡና እዩ። ከመንሸራተቻው ገጽ ጋር በሚገናኘው ጥግ ላይ ቀለም ከቀረ ሞረዱ በረዶውን የሚነክሰውን ክፍል ገና አልነካውም፤ ቀለሙ ከጫፍ እስከ ጭራ እስኪጠፋ ቀጥሉ።